ሲያሸንፍ የሚያኮርፈው እንግዳ

እናቴ አባቴን በሌላ ሰው ልትለውጠው ነው ብዬ ያመንኩት የፊት ጥርሶቼ በወለቁበት በጋ ነው። አድነንና ሥራ ሥር ቆፍረን በምንኖረው በኛ በሀድዛዎች ዘንድ ባል መለወጥ ብዙ ጣጣ የለውም። ሴትየዋ የመኝታ ቆዳዋንና ቅሏን አንጠልጥላ ወዲያኛው ጎጆ ገባች ማለት አለቀ ደቀቀ። እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ፤ የመጀመሪያው ሲያንኮራፋ ጅብ ይጠራ ነበር። ስለዚህ ልጅ ብሆንም የፈራሁት የሌለ ነገር አልነበረም።

ነገሩ የመጣው አባቴ ከባኦባብ ዛፍ ላይ ሲወድቅ ነው። ማር ሊቆርጥ ግንዱ ላይ እንጨት እየቸከለ ወጥቶ፣ አንዱ ችካል ከዳውና እንደበሰለ ፍሬ ዱብ አለ። የቀኝ ትከሻው ከቦታው ወጣ። ሽማግሌው ማሮባ ብብቱን በተረከዙ ረግጦ፣ እጁን ይዞ ጎተተና ቋ! አድርጎ መለሰለት። ያ ድምፅ ዛሬም ጥርሴን ያፋጨኛል። አባቴ ግን ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ "ማሩስ? ማሩን ማን ያዘው?" አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ያን ቀን የተኛሁት አባቴ ተጎዳ ብዬ ሳይሆን አባቴ አሳቀ ብዬ ነው።

አባቴ ሳፖ ይባላል። የሱን ቀስት ያላየ ሰው ቀስት አየሁ ባይል ይሻለዋል። ከራሱ ቁመት ይረዝማል፤ ውፍረቱ የያኔውን ክንዴን ያክላል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ በገደላቸው አውሬዎች ቆዳ ተጠምጥሟል። የነብር አለ፣ የዝንጀሮ አለ፣ የጎሽ ጅራት ከነጠጉሩ አለ። ጅማቱ ከቀጭኔ ነው። ጎረምሶቹ "እስቲ ልሞክረው" እያሉ ይነሱና ፊታቸው እንደ እንቁራሪት ተነፋፍቶ መልሰው ያስቀምጡታል። አባቴ ሲስበው ጀርባው ላይ ያለው ሥጋ እንደ እባብ ይሄድ ነበር። እኔ ከኋላው ቆሜ ያንን ጀርባ ማየት ነበር ደስታዬ።

ከወደቀ በኋላም በየጠዋቱ ቀስቱን ይዞ ይወጣል። ሲመለስ ግን ወይ ትንሽ ማር፣ ወይ እፍኝ የዱር ፍሬ፣ ወይ እንዲሁ ባዶ እጁን ነው። አንድ ቀን "ጅማቱን ጤዛ መታው" ይላል። አንድ ቀን "ነፋሱ ጠረኔን አሳበቀብኝ" ይላል። አንድ ቀን ደግሞ "ሳል ያዘኝና አጋዘኑ ሰማኝ" አለ። እኔ ሁሉንም አምኛለሁ። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ምራቄን እተፋበት ነበር። ምራቁም ተመልሶ እኔኑ ያገኘኛል።

ሰው ግን ማውራት ጀመረ። ከሁሉ በላይ አክስቴ ናኮማ። ናኮማ የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ወሬ የወረስኩት ከሷ ነው፣ ፈጣሪ ይስጣት። አንድ ቀን ሴቶቹ ድንጋይ ሥር ተቀምጠን ሥራ ሥር ስንቆፍር፣ መቆፈሪያ ዱላዋን ሳታቆም እንዲህ አለች፦

"አንቺ ታውሲ፣ ባልሽ ቀስቱን ሽርሽር ነው እንዴ የሚወስደው?"

ታውሲ እናቴ ናት። ቀና ሳትል መለሰች። "ያንቺስ ባል ትናንት ያመጣት ሽኮኮ? እኔ አይጥ መስላኝ በዱላ ልመታት ነበር።"

ሴቶቹ ተንከተከቱ። ናኮማም አብራ ሳቀች፤ ግን ነገር ሲጀመር ማን ያስጥላታል። ወደ እናቴ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። ያኔ ነው ጆሮዬ የቆመው፤ ድምፁን ዝቅ ላደረገ ሰው ጆሮዬ እስከዛሬ ይቆማል።

"እኔ ለልጅሽ ብዬ ነው፣ እህቴ። ትከሻው አለቀ። ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ብቻ ነው የማያውቀው። ጊጋ እንደሆነ ሚስቱ ከሞተች ብቻውን ነው አሉ። ድሮም ዓይኑ አንቺ ላይ ነበር።"

እናቴ አልተቆጣችም። ያስፈራኝም ይሄ ነው። ዱላዋን አቁማ ትንሽ አሰበችና "ጊጋ አሁንም ቀስት ይሠራል?" ብላ ጠየቀች።

"እንደሱ የሚሠራ የለም ይላሉ።"

"እማ፣ ጊጋ ማነው?" አልኩ።

"ዝም ብለሽ ቆፍሪ" አሉኝ ሁለቱም ባንድ አፍ።

በማግሥቱ ከጎጇችን ፊት እናቴ ረጅም የቆዳ ጠፍር ይዛ ቆማለች። "ሳፖ፣ ና እስቲ ይሄን ወጥርልኝ" አለች። አባቴ በግራው ያዘ። "በቀኝህ" አለችው። በቀኙ ያዘ። ጎተተች። ጎተተ። እሷ እግሯን አፈር ውስጥ ተክላ፣ ቀስ እያለች፣ አሁንም አሁንም ትጨምራለች። የአባቴ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላቡ ከግንባሩ አፍንጫው ላይ ወረደ። እናቴ ፊቱን አታይም፤ የምታየው ክንዱን ብቻ ነው።

"ጠበቅ አድርግ እንጂ፣ ተኝተሃል እንዴ?"

"በቃሽ፣ ሴትዮ።"

"ትንሽ ነው የቀረው።"

አባቴ ጠፍሩን ለቀቀው። እናቴ በቂጧ ተቀመጠች። እሱ ትልቁን ቀስቱን አንስቶ ሄደ። እሷም ከመሬት ሳትነሳ፣ ጠፍሩን እጇ ላይ ጠቅልላ፣ ዓይኗን ጨፍና ክንዷን ወደ ደረቷ ትስባለች፣ ትመልሳለች፣ ትስባለች። ተጣሉ አልኩ በልቤ። ቆዳው የማን ነው ተባብለው ንብረት እየተካፈሉ ነው።

ከዚያ እናቴ ተነሳችና "ከሐይቁ ማዶ አክስቴ ታማለች፣ ልጠይቃት ነው" አለች።

ናኮማ አፏን ከፈተች። "የቷ አክስታችን?"

"አንቺ የማታውቂያት።"

"እንዴ! አንድ እናት ወልዳን እኔ የማላውቃት አክስት ከየት መጣች?"

"ወሬ ስለማትወድ ካንቺ ተደብቃ ነው" ብላ እናቴ ቅሏን አንጠልጥላ ሄደች። ናኮማ ቀስ ብላ በዓይኗ ጠቀሰችኝ። እኔ ጎጆ ገብቼ የእናቴ መኝታ ቆዳ እዚያው መኖሩን በእጄ ዳስሼ አረጋገጥኩ። ቆዳዋን አልወሰደችም ማለት ገና አልሄደችም ማለት ነው።

ተመለሰች። ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ጊጋ መጣ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነው። ትከሻው ላይ አዲስ ቀስት ይዟል። እኛ ልጆቹ ከበን አየነው። ቀስቱ ራቁቱን ነበር። አንዲት የትንሽ ሚዳቋ ቆዳ፣ አንዲት የጥንቸል ጆሮ እንኳ አልተጠመጠመበትም። በኛ ቀስቱ ባዶ የሆነ ወንድ ምን ማለት እንደሆነ ልጅም ያውቀዋል፤ ምንም ገድሎ አያውቅም ማለት ነው። እናቴ አባቴን በዚህ? ደሜ ፈላ።

"ቀስትህ ለምንድነው ራቁቱን የሆነው?" አልኩት ፊት ለፊት።

ጊጋ አየኝ። "በርዶት አያውቅም" አለ።

አባቴ ከኋላዬ በሳቅ ፈነዳ። "ና ወንድሜ ጊጋ፣ ይቺ ልጅ እናቷን ነው የመሰለችው። ተቀመጥ፣ ማር አለን።" አቅፎ አስቀመጠው፣ ከማሩም ወፍራሙን ሰጠው። ሞኝ አባቴን አየሁትና አዘንኩለት።

በማግሥቱ እናቴን ተከተልኳት። ውኃ ልቅዳ ብላ ወጣችና ወደ ውኃው ሳይሆን ወደ ድንጋዮቹ ታጠፈች። እኔ እንደ ገበሎ ድንጋዩ ላይ ተለጥፌ አጮለቅሁ። ጊጋ እዚያ አለ። እናቴ ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ቀስቱን ይዛለች። በኛ ሴት የወንድ ቀስት ስትነካ አታይም። እሷ ግን ግራ እግሯን አስቀድማ ቆማ ጅማቱን እየሳበች ነው። እሱ ክርኗን በሁለት ጣቱ ይዞ ከፍ አደረገላት።

"አሁንስ?" አለ።

"ይጠጥራል። እዚህ ላይ ይይዘኛል።" ትከሻዋን ነካች።

ጊጋ ቀስቱን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አጋደመና የእንጨቱን ውስጠኛ ጎን በቢላ ይፍቅ ጀመር። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ እናቴ እግር ላይ ይወድቃል። የእርጥብ እንጨት ሽታ እኔ ድረስ ይመጣል። መልሶ ሰጣት። ሳበች። መለሰች። ፋቀ።

"እሱ ቢያውቅስ?" አለ ጊጋ።

"አያውቅም። እሱ ከራሱ ወሬ በቀር የማንንም አይሰማም።"

"ትወጂዋለሽ ማለት ነው።"

"አንተ ዝም ብለህ ፋቅ" አለች። ሁለቱም ሳቁ።

እኔ "ትወጂዋለሽ" የተባለው ስለ ጊጋ ራሱ መሰለኝ። ሰው ስለራሱ "እሱ" እያለ እንደማያወራ የሚያውቅ ጭንቅላት ያን ጊዜ አልነበረኝም። ሮጬ ወርጄ ባኦባቡ ሥር ተቀምጬ፣ አፍንጫዬ እስኪዘጋ አለቀስኩ።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ስታርሰኝ ነው። የጠፍሩ ነገር ጠብ አልነበረም፤ ልኬት ነበር። የአባቴ ክንድ የት ቦታ ሲደርስ መንቀጥቀጥ እንደሚጀምር በራሷ ክንድ ያዘችው። ያንን እንዳይጠፋባት መንገዱን ሙሉ ጠፍሯን ከዛፍ ጋር እያሰረች እየሳበች ሄደች። ጊጋ ጋ ስትደርስ "በዚህ ልክ" ብላ አሳየችው። ቀስቱ ራቁቱን የነበረው የማንም ስላልነበረ ነው። የጊጋ የራሱ ቀስት፣ በቆዳ ብዛት እንጨቱ የማይታየው፣ ከሰፈራችን ውጪ ግራር ላይ ተሰቅሎ ይጠብቀው ነበር።

"ታዲያ እማ፣ ለምን ዝም ብለሽ አልሰጠሽውም?" አልኳት።

"'ትልቁን መሳብ አቅቶሃልና ይቺን ያዝ' ብዬ? አባትሽን? ቀስቱን ቀድሞ እሳት ውስጥ፣ ቀጥሎ ራሱን ሐይቅ ውስጥ ይወረውር ነበር።"

"ጊጋ ግን እውነት ላግባሽ ብሎ ጠይቆሽ ነበር?"

"ከአባትሽ በፊት።" ሕፃኑን ከጡቴ ላይ አስተካከለችልኝ። "ጥሩ ሰው ነው። ቀስት ይጠርባል። ቀልድ መጥረብ ግን አይችልም። አባትሽ ደግሞ ከዛፍ ወድቆ ያስቀኛል።"

እንግዲህ ቀስቱ ተሠራ። አሁን እንዴት አባቴ እጅ ይግባ? እናቴና ጊጋ የመረጡት የቅርፊት ጨዋታውን ነው። ወንዶቹ ያኔ ይጫወቱት እንደነበረው አሁንም ይጫወቱታል። እያንዳንዱ አንዳንድ የዛፍ ቅርፊት ይይዛል፤ አንድ ጎኑ ሻካራ፣ አንድ ጎኑ ልስልስ። የማንም ያልሆነ ሌላ አንድ ቅርፊት ይጨመርና ሁሉም ባንድ ላይ ግንድ ላይ ይወረወራል። ቅርፊቱ ብቻውን የማንም ካልሆነው ቅርፊት ጋር ባንድ ጎን የወደቀለት ሰው የተያዘውን ይወስዳል። ወንድ በዚህ ፍላጻውን፣ መርዙን፣ ቢላውን አንዳንዴም ቀስቱን ያጣል። ያጣ አያፍርም፣ ያገኘም ማንንም አያመሰግንም። ከየት መጣ ተብሎ የማይጠየቅ ዕቃ ቢኖር ከጨዋታ የመጣ ዕቃ ነው።

የሁለቱ ሐሳብ ቀላል ነበር። ጊጋ ይጫወታል፣ ጊጋ ይሸነፋል፣ ቀስቱን ጥሎ ይሄዳል።

ያላሰቡት ነገር ቢኖር የጊጋን ዕድል ነው።

ጠዋት ወንዶቹ ባኦባቡ ሥር ተኮለኮሉ። ሴቶቹ ትንሽ ፈንጠር ብለን ፍሬ እንወቅጣለን። ጊጋ ለመጀመሪያ አንድ ፍላጻ አስያዘ። አባቴም አስያዘ። ወረወሩ። ጊጋ አሸነፈ። ደገሙ። ጊጋ አሸነፈ። የአባቴ ባለ ብረት ፍላጻዎች አንድ በአንድ ወደዚያ ሰውዬ እግር ሥር ይሄዳሉ። ጊጋ ባሸነፈ ቁጥር ፊቱ ይጠቁራል። ከንፈሩን ይነክሳል። አንዴማ ፍላጻውን ከመሬት ሲያነሳ "ኤጭ!" ብሎ ወረወረው።

ሽማግሌው ማሮባ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። "እኔ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ሲያሸንፍ የሚያኮርፍ ግን ዛሬ ገና።"

"ትዕቢት ነው" አልኩ እኔ ለናኮማ። "አባቴን ንቆት ነው።"

ናኮማ ግን እኔን አትሰማም። እናቴን ነው የምታየው። እናቴ የምትወቅጠው ፍሬ ደቅቆ፣ ደቅቆ፣ አሁን ድንጋዩን በድንጋይ እየወቀጠች ነው።

በመጨረሻ ጊጋ ብድግ አለ። "ፍላጻ ሰለቸኝ" አለና ራቁቱን ቀስት መሬት ላይ አጋደመ። "ይሄን አስይዣለሁ።"

"እኔ ምን ላስይዝ? አራቆትከኝ እኮ" አለ አባቴ።

ጊጋ ዙሪያውን አየ። "ያንን ቅል" አለ። አሮጌ፣ አፉ የተሸረፈ የውኃ ቅል ነበር።

ወንዶቹ ተያዩ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቀስቱን አነሳው። መያዣውን ጨበጠ፣ ወደ አፍንጫው ጠጋ አድርጎ ያን አዲስ እንጨት አሸተተ፣ ጅማቱን በጣቱ ነክቶ ጆሮው አጠገብ አስጮኸው። ከዚያ ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ሳበው። መልሶ በዝግታ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"ቀስት በቅል አይያዝም" አለ። ወደ ጎጆ ገብቶ ትልቁን ቀስቱን ይዞ ወጣ።

የእናቴ እጅ ድንጋዩን እንደያዘ አየር ላይ ቀረ።

"ኧረ ሳፖ!" አለ ጊጋ። "ይሄንን ተው። ቅሉ ይበቃኛል።"

"ፈራህ?"

"አልፈራሁም፣ ግን..."

"እንግዲያ ወርውር።"

ወረወሩ። ሦስቱም ቅርፊቶች ባንድ ጎን ወደቁ። ማንም አላሸነፈም። ማሮባ ሰብስቦ መለሰላቸው። እኔ የናኮማን ክንድ ቆንጥጬ ይዣለሁ፤ ጥፍሬ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል፤ እሷም አልተሰማትም። ደግመው ወረወሩ። ቅርፊቶቹ ግንዱን መቱ፣ ተንከባለሉ፣ አንዱ ቆሞ ዞረ፣ ዞረ፣ ወደቀ።

"ሳፖ!" አለ ማሮባ።

ታዲያ ከመሬት የዘለለው ማን ይመስላችኋል? ጊጋ! ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ "አዎ!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁላችንም እያየነው መሆኑ ትዝ አለውና እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ፣ ፊቱን አኮማተረ። "ማለቴ... ወይኔ" አለ።

"እብድ ነው" አለ ማሮባ። "እኔ ከእብድ ጋ አልጫወትም።" ቅርፊቱን አንስቶ ሄደ።

እኔ ግን የሆነው ገብቶኛል! አባቴ ጊጋን አሸንፎ እናቴን አስቀራት። ሰፈሩን ሦስት ጊዜ እየዞርኩ ጨፈርኩ። ዛሬም ሳስበው ያ ጭፈራ የተሳሳተ አይመስለኝም፤ ምክንያቱ ብቻ ነው የተሳሳተው።

ጊጋ ሊሄድ ሲነሳ አባቴ መንገድ ላይ ጠበቀው። ትልቁን ቀስት፣ የነብሩንም የጎሹንም ቆዳ ከነክብሩ፣ ትከሻው ላይ አንጠለጠለለት። "ቀስት የሌለው ሰው መንገድ አይሄድም" አለው። ጊጋ እንቢ ቢል ነገሩ ሊወጣ ነው፤ የኔ ቀስት ግራሩ ላይ አለ ማለት አይችልም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ሰፈሩ በሁለት ቀስት ሲደርስ "ማንን ዘርፈህ መጣህ?" ብለው አፋጠጡት አሉ። እኔ አባቴ ከድሉ በኋላ ያበደ መስሎኝ ነበር።

አባቴ አርጅቶ ዓይኑ ከደከመ በኋላ ነው የጠየቅኩት። እናቴ የነገረችኝን አልነገርኩትም፤ እንዲሁ "ትልቁን ቀስት ለምን ሰጠኸው?" አልኩት።

"እሱ ልፋቱን ሰጥቶኝ የለ?" አለ።

ደነገጥኩ። "ታውቅ ነበር?"

"ቀስቱን ሳነሳው መያዣው የእናትሽን እጅ ይሸት ነበር። ሥራ ሥር፣ ሥራ ሥር። ደግሞስ ሲያሸንፍ የሚያኮርፍ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?" ድዱን እያሳየ ሳቀ። "በቅል ባገኘው የነሱ ቀስት ነበር የሚሆነው። የኔን አስይዤ ሳገኘው የኔ ሆነ።"

"ጊጋ ቢያሸንፍህስ ኖሮ?"

"ያኔማ እናትሽ ሁለታችንንም በመቆፈሪያዋ ትጨርሰን ነበር።" ከዚያ እጄን ያዘ። "እንደማውቅ እንዳትነግሪያት። ደስ ብሏት ትኑር።"

እናቴም "እንዳትነግሪው" ብላኛለች። እኔ፣ የሰፈር ወሬ ቢጠፋ ከአፌ የሚፈለግብኝ ሴትዮ፣ የሁለቱን ምስጢር ሁለት ጉንጬ ውስጥ ይዤ ሁለቱንም እስክንቀብር ድረስ አንዲት ትንፍሽ አላልኩም። በዕድሜዬ የኮራሁበትን ቁጠሪ ብትሉኝ ከዚህ ነው የምጀምረው።

አባቴ አዲሱን ቀስት እንደያዘ ወደ አደን አልሮጠም። ተቀምጦ ዕቃውን መረጠ። ከናኮማ ባል ለምኖ ያመጣቸውን ፍላጻዎች አንድ በአንድ እያጎበጠ ወደ ጎን ያስቀምጣል። "ይሄ ለትልቁ ነበር። ለዚህኛው ይወፍራል። ለስላሳ ቀስት ወፍራም ፍላጻ ሲገፋ ቂጡን እያወዛወዘ ይሄዳል፣ እንደ አክስትሽ" ይለኛል። ቀጫጭን እንጨት አመጣ፣ በትኩስ አመድ አሞቀ፣ ጥርሱ መሃል ነክሶ አቃና፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። ከጥንብ አንሳ ላባ ሰፊ ሰፊውን እኔ መረጥኩለት። መርዙን አፍልቶ ጥቁር ሙጫ እስኪሆን ሲያማስል ግን ጭሱ እንዳያገኘኝ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አስቀምጦኛል። "የሩቁን ትልቁ ይገድል ነበር" አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። "በዚህኛው መቅረብ ነው። መርዙ ቀሪውን ይሠራል።"

ከዚያ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ውኃው አጠገብ ድንጋይ ከልሎ፣ መኝታው ላይ እንዳለ ሰው ተጋድሞ እንደጠበቀ ያወቅነው በኋላ ነው። ፀሐይ ልትገባ ስትል መጣ። አንድ ቃል አልተናገረም። ቀስቱን አስደግፎ፣ እሳቱ ጋ ቁጭ ብሎ እግሩን ያክ ጀመር። ነፋስ የለ፣ ጤዛ የለ፣ ሳል የለ። ሰበብ እንኳ አልቀረለትም ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ።

እናቴ ውኃ ሰጠችው። ጎንበስ ስትል ፍላጻዎቹን በዓይኗ ቆጠረች። ከዚያ ተነስታ ቅሎቹን ሁሉ ውኃ መሙላት፣ የመሸከሚያ ጠፍር ማውጣት፣ ቢላ መሳል ጀመረች። የመኝታ ቆዳዋን ስትጠቀልል ሳይ ጫፉን ያዝኩባት።

"እማ፣ ልትሄጂ ነው?"

"ሁላችንም ነን የምንሄደው። ተኚ፣ ነገ ሩቅ ነው።"

ወጋሁ ብሎ የሚያወራ ወንድ በኛ የለም። ዝም ያለ ነው የወጋ። ይሄን የማታውቅ ልጅ ሰፈሩ ውስጥ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ አባቴ ደግሞ ሁልጊዜ ወሬኛ ስለነበር ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

በማግሥቱ ወንዶቹ ዱካውን ተከተሉ፣ እኛም ከነጓዛችን ከኋላ። አጋዘኑ ግራር ሥር ወድቆ አገኙት፤ ቀንዱ እንደተጠመዘዘ፣ ወፍራም፣ ሰፈሩን ሁሉ የሚያጠግብ ወንድ። የኛ የሴቶቹና የልጆቹ ድርሻ ተቆራርጦ እሳት ላይ ሆነ። ከዚያ ወንዶቹ እኛ ሴቶች የማናየውን፣ የማንጠይቀውን ለወንድ ብቻ የተፈቀደውን የሥጋ ብልት ይዘው ቁጥቋጦው ጀርባ ሊበሉ ተነሱ። አባቴ ከወደቀ ጀምሮ ለዚያ ሲጠሩት "ሆዴን አሞኛል" እያለ ይቀር ነበር። ያን ቀን ማሮባ ዞር ብሎ "ሳፖ፣ ሆድህስ?" አለው።

"ዛሬ ተርቧል" አለ አባቴ፣ እጁን ጭኑ ላይ ጠርጎ ተነሳ። ከሁሉ ፊት ሄደ። እኔ ጀርባውን አየሁት። አንደኛው ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ ነበር። ከዚያ በፊት አላስተዋልኩትም። ከዚያ በኋላ ግን እንደዚያ ያማረ ጀርባ አላየሁም።

ናኮማ አፏ ሥጋ እንደሞላ እናቴን በክርኗ ጎሸመቻት። "ለመሆኑ ያቺ አክስታችን ተሻላት?"

"ድናለች" አለች እናቴ። አጥንት በድንጋይ ሰብራ መቅኔውን ለኔ አቀበለችኝ። ቅባቱ ክንዷ ላይ ይወርዳል፤ ብቻዋን ትስቃለች።

"ምኑ ነው የሚያስቅሽ?"

"ምንም" አለች፣ ወደ ቁጥቋጦው እያየች። "ጥርሴን እያናፈስኩት ነው።"